በፎቶው ጠርዝ የቀረ እጅ

ደሴ ውስጥ ሰው ሊገዛ ሳይሆን ሊታይ የሚወጣበት አንድ መንገድ አለ። በከተማው ካርታ ላይ ሌላ ስም ይኖረው ይሆናል፤ ሰዉ ግን ቄንጥ ተራ ነው የሚለው። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ የሚጀምር፣ ግራና ቀኙ መስታወት የሆነ ቁልቁለት ነው። የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ሰብሮ ቢገባ እንኳ ቄንጥ ተራ ላይ ጃኬቱን የሚቆልፍ ጎረምሳ አይገኝም፤ ሸሚዙ መታየት አለበታ።

መጀመሪያ ሦስት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን በረንዳ ላይ ዘርግተው ጀመሩት ይባላል። የአንደኛው ልጅ ሐጂ ጣሀ ዛሬም በዚያው በረንዳ ላይ ናቸው። ከዚያ የጨርቅ ነጋዴው መጣ፣ ፎቶ ቤቱ ተከተለ። አገሩ ሁሉ ካኪ በለበሰበት ዘመን እንኳ የቄንጥ ተራ ካኪ ወገቡ ላይ ገባ ያለ ነበር ብለው ሽማግሌዎቹ ያወራሉ። ጦርነቱ ደሴ በገባበት ዓመት መስታወቱ ሁሉ ረገፈ፣ ሱቆቹ ተራቆቱ። መንገዱ ግን ዓመት ሳይሞላው እንደገና ለበሰ።

ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በቬሎ ነው። ከሐይቅ እስከ ከሚሴ ያለች ሙሽራ ቬሎዋ ከቄንጥ ተራ ካልወረደ ሠርጉ ሠርግ አይመስላትም። «ወረደ» የሚባለውም በምክንያት ነው። እዚያ መንገድ ላይ የሙሽራ ልብስ ሲያልቅ በፌስታል ተጠቅልሎ አይሰጥም። የሰፋው ሰው በሁለት ክንዱ ታቅፎት፣ ከሱቁ ደጃፍ ተነሥቶ መኪና እስከሚጠብቅበት እስከ ታችኛው አስፋልት ድረስ በእግሩ ያወርደዋል። የየሱቁ ልብስ ሰፊ በሩ ላይ ቆሞ መቀሱን ከፈት ዘጋ እያደረገ ያንኳኳለታል፤ እጅህ ይባረክ ማለቱ ነው። «የሰፋ እጅ ያወርዳል» የመንገዱ ሕግ ናት። ከዚህች ሕግ የምታምር የለችም፤ የዚህችን ያህል የተዋሸባትም የለችም።

ሩቲ ይህን ስታስብ ደሟ ይፈላ ነበር። ኮምቦልቻ፣ የልብስ ፋብሪካው ግቢ፣ የምሳ ሰዓት ነው። ሩቲ እዚያ የተሰፋውን ልብስ የምትመረምር ሠራተኛ ናት፤ ዓይኗ ከመቶ ሸሚዝ ውስጥ አንድ የዘለለ ስፌት ለቅሞ ያወጣል። አሁን ጭኗ ላይ የተዘረጋው ግን ሸሚዝ አይደለም፤ «ቄንጥ ተራ፦ የሰፋ እጅ ያወርዳል» የሚል አዲስ መጽሔት ነው። መንገዱ ታድሶ መብራት ስለገባለት ነጋዴዎቹ ታሪኩን አስጽፈው አሳተሙ። የጻፈው ማቲዎስ ነው። ማቲዎስ ደግሞ እጮኛዋ ነው።

መጽሔቱን ከደሴ ያመጣላት የሚኒባስ ሹፌሩ ሚስባህ ነበር። ማቲዎስ በመካከሉ ብጣሽ ወረቀት አኑሯል፤ «ሩቲዬ፣ ከሌላ ሰው እጅ እንዳታዪው ብዬ ነው። ገጽ ዘጠኝን ስታዪ ከመናደድሽ በፊት ደውዪልኝ» ይላል። ከመናደድሽ በፊት ይላል እንጂ! ሰው እሳት ለኩሶ ሲያበቃ ከመቃጠልሽ በፊት ንገሪኝ ይላል?

የገጽ ዘጠኙን ፎቶ ታውቀዋለች። ዋናው ፎቶ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እናቷ ቤት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መዝሙረ ዳዊት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ እሱን እያየች ነው ያደገችው። በዚያ ፎቶ ላይ ከማቲዎስ አባት ከአቶ ወንድምአገኘሁ የሙሽራ ልብስ ሱቅ፣ ከሙሽራ ቤት፣ የወጣውን የመጀመሪያ ቬሎ አሻንጉሊት ለብሶት ቆሟል። በስተግራ አቶ ወንድምአገኘሁ፣ ያኔ ወጣት፣ ደረታቸውን ነፍተዋል። በስተቀኝ የሃያ ዓመቷ አልታየች፣ የሩቲ እናት፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ አንድ እጇን በቬሎው ትከሻ ላይ አሳርፋ ትስቃለች። ሩቲ እናቷን እንዲያ ስትስቅ ያየቻት በዚያ ፎቶ ብቻ ነው።

ገጽ ዘጠኝ ላይ አልታየች የለችም። ፎቶው ከቬሎው ትከሻ አጠገብ ተቆርጧል። እጇ ግን ቀርቷል። አራት ጣት፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ባለቤት የሌለው እጅ። ከሥሩ «አቶ ወንድምአገኘሁ በእጃቸው ከሰፉት የመጀመሪያ ቬሎ ጋር» ተብሎ ተጽፏል።

በእጃቸው። አቶ ወንድምአገኘሁ ቁልፍ እንኳ መትከል አይችሉም፤ ይህን የማያውቅ የቄንጥ ተራ ሰው የለም። ጨርቅ መምረጥ ያውቃሉ፣ ደንበኛ ማናገር ያውቃሉ፣ የሰፋችው ግን አልታየች ናት። ከቦሩ ሜዳ የመጣች ልጅ ስለነበረች፣ ሙሽሮቹ ቬሏችንን የገጠር ልጅ ሰፋችው ብለው ቅር ይላቸዋል ተባለና ጓዳ ተቀመጠች። ሠላሳ ምናምን ዓመት በጓዳ በር ገብታ በጓዳ በር ወጣች። የሰፋችውን ሁሉ በፊት ለፊቱ በር ታቅፈው ያወረዱት አቶ ወንድምአገኘሁ ናቸው። መቀሱም የተንኳኳው ለእሳቸው ነው።

ሩቲ ከማቲዎስ ጋር የተዋደደችውም በእናቷ የስፌት መኪና ምክንያት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሱቁ ተዘርፎ መርፌ እንኳ ሳይተርፍ ሲቀር፣ አልታየች ቤቷ አልጋ ሥር ደብቃ ያተረፈቻትን የስፌት መኪና «ውሰዱና እንጀምርባት» አለች። ታክሲ የለም፣ ነዳጅ የለም። ማቲዎስ ራሱ መጥቶ ብረቱን በአንድ በኩል ያዘ፣ በሌላ በኩል ሩቲ ያዘች። ከቧንቧ ውሃ እስከ ቄንጥ ተራ ሰባት ጊዜ አሳረፉት። ባረፉ ቁጥር ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ እንነሣ የሚል ግን ይጠፋል። ሰባተኛው ላይ ማቲዎስ «ሱቃችን ትንሽ ራቅ ቢል ጥሩ ነበር» አላትና ሩቲ ሳቀች። መጽሔቱ ያንን ጊዜ «አቶ ወንድምአገኘሁ ከባዶ ተነሥተው» በሚል አንድ መስመር አልፎታል።

ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ቬሎዋ ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ ይወርዳል። እናቷ በዚያው ጓዳ ሰፍታ ጨርሳዋለች፤ የሚያወርዱት ግን የሙሽራው አባት እንደሆኑ ተነግሯል። እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው የሩቲና የማቲዎስ ስም ለሦስተኛ ጊዜ ይነበባል። ተቃውሞ ያለው ይናገር ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

እናቷን በመቀስ ከቆረጠ ሰው ጋር አንድ ቤት ልትገባ ነው። ሩቲ መጽሔቱን ከድና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አልደወለችም።

*

በማግሥቱ የቀን ፈረቃ ሲወጣ ማቲዎስ ከፋብሪካው በር ማዶ ቆሞ ነበር። የደሴ ጃኬቱን እንደለበሰ ወርዶ በኮምቦልቻ ሙቀት ላቡ ይንቆረቆራል። ሠራተኛው በመካከላቸው እየተግተለተለ ያልፋል። ሩቲ ከሩቅ አየችው። ልቧ እንደ ልማዷ ዘለለች፤ ሩቲም ልቧን ተቆጣቻት።

«አልደወልሽም» አላት።

«ተናድጄ ስለጨረስኩ ነው።»

«ሩቲ፣ ስሚኝ።»

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ቁረጠው ያሉህ አባትህ ናቸው?»

ማቲዎስ መሬት መሬቱን አየ። አዎ ቢላት ንዴቷን ግማሹን ወደ ሽማግሌው ልታዞርለት ተዘጋጅታ ነበር፤ እንዲያውም አዎ እንዲላት በልቧ ትለምን ነበር።

«አይደሉም» አለ። «መቀሱን ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ምክንያት አለው። ምስጢሩ ግን የእኔ አይደለም።»

«የአንተ አይደለም?» ሩቲ ድምጿን አልጨመረችም፤ ዝግ አደረገችው እንጂ። «ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የተማርከው አንተ ነህ። መጽሔቱ ላይ የተጻፈው ስም የአንተ ነው። ምክንያቱ ሲሆን ነው የሰው የሚሆነው? ልንገርህ እኔ። ሠርግ ላይ የሚመጣው ሰው ‹የሰፊያቸውን ልጅ አገባ› እንዳይል ነው። አባትህ ለሰው ‹ፋብሪካ ውስጥ ኃላፊ ናት› እያሉ እንደሚያወሩልኝ የማልሰማ መሰለህ? ኃላፊ አይደለሁም። መርማሪ ነኝ። የዘለለ ስፌት ያለበትን ልብስ እመልሳለሁ፤ ሥራዬ እሱ ነው።»

ቀለበቷን ከጣቷ አወጣች። መጽሔቱን ገጽ ዘጠኝ ላይ ገልጣ ቀለበቱን በዚያ ባለቤት በሌለው እጅ ላይ አስቀመጠችና ዘረጋችለት። የሚያልፉት ሠራተኞች ዞር እያሉ ያዩዋቸዋል። በመጨረሻ ማቲዎስ መጽሔቱን ከነቀለበቱ ተቀበላት።

«እወድሻለሁ» አለ።

«እኔም እወድሃለሁ። የሚያናድደኝ እኮ እሱ ነው።»

ወደ ተከራየችበት ቤት ስትሄድ አልዞረችም። አውራ ጣቷ ግን በራሱ ጊዜ እየሄደ ቀለበቱ የነበረበትን ጣት ይዳስሳል። እቤቷ እስክትደርስ ድረስ ስንት ጊዜ እንደዳሰሰችው አታውቅም፤ ያወቀችው ጣቷ ሳይሆን ደረቷ ባዶ እንደሆነ ነው።

*

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ለመውጣት መናኸሪያ ስትደርስ ሚስባህ ሚኒባሱን አስነሥቶ ይጠብቃታል።

«ሩቲ፣ አህለን። ከፊት ግቢ። ይኸው ያንቺው ሰው በማለዳ ሰጠኝ።» የታሸገ ፖስታ አቀበላት። «ወላሂ እንዲያ ጠቁሮ አይቼው አላውቅም። የሞተበት ሰው አለ እንዴ ብዬ ነበር።»

«እኔ ነኝ የሞትኩበት» አለች ሩቲ።

«አቦ፣ አፍሽን አሳርፊ። አንብቢው፤ እኔ መንገዱን ነው የማየው።»

የሐረጎን ዳገት መውጣት ሲጀምሩ ከፈተችው።

«ሩቲዬ፣ ትናንት ያልኩሽ እውነት ነው፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የእናትሽ እጅ ግን ቬሎው ላይ ስለነበር ልቆርጠው አልቻልኩም፤ እጁን ብቆርጥ ቬሎው አብሮ ይቆረጣል። አንድ ሰዓት ሙሉ ያንን እጅ ሳየው ቆየሁ። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። የእጁን ባለቤት ትቼ የሌላ ሰው ስም ከሥሩ ጻፍኩ። ይቅር በዪኝ ለማለት አይደለም የምጽፈው፤ ይቅር ብትዪኝ ግን ደስታዬን አልችለውም። ብታገቢኝም ባታገቢኝም ቬሎው ያንቺ ነው፤ እናትሽ ናቸው የሰፉልሽ። መጥተሽ ውሰጂው። ቀለበትሽ ኪሴ ውስጥ ነው። እንዳይወድቅብኝ ስለምፈራ እጄን ከኪሴ አላወጣም፤ ሰው ሁሉ በርዶኝ ይመስለዋል። ማቲዎስ።»

አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሁለት መታጠፊያ ሳይሄዱ መልሳ አወጣችውና ደግማ አነበበችው። ለደገመችው ራሷን ሰደበች። ሚስባህ መንገዱን እያየ መሀረቡን ከዳሽቦርዱ ላይ አንሥቶ ጭኗ ላይ ጣለላት፤ ያን ጊዜ ነው እያለቀሰች እንደሆነ የገባት።

*

አልታየች ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤቷ ውስጥ ቀሚሷን እየተኮሰች ነበር። ልጇን ስታይ ካውያውን አስቀመጠች።

«እማዬ፣ ዛሬ የሚወርድ ቬሎ የለም። ቀለበቱን መልሼለታለሁ።»

አልታየች ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሩቲ መጽሔቱን ገጽ ዘጠኝ ላይ ገልጣ ፊቷ አደረገችላት። ከመጽሐፍ ቅዱሱ ዋናውን ፎቶ አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠችው። እናቷ ሁለቱን አየች፤ ግን አልደነገጠችም። ሩቲን ያስደነገጣት ይኸው አለመደንገጧ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች አልታየች።

«ምኑን ነው አንቺ?»

«ቁረጠኝ ያልኩት። ልጁ ፎቶውን ሊዋሰኝ መጣ። ‹ስምዎን ከሥሩ እጽፋለሁ፣ ታሪኩ የእርስዎ ነው› አለኝ። እኔ ነኝ የለመንኩት። ሠርጉ ደርሷል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሙሽራዋ ያቺ የጓዳዋ ልጅ ናት እያሉ ሲያሽሟጥጡብሽ ታየኝ። እምቢ አለ። አለቀስኩበት። ከዚያ ለሩቲም እንዳትነግራት ብዬ ቃል አስገባሁት።»

ሩቲ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ስታነድደው የከረመችው ንዴት የሚያርፍበት ጠፋው። ማቲዎስ ላይ ሊያርፍ ሄዶ ተመለሰ፤ እናቷ ላይ ሊያርፍ ሄዶ ፈራ። ከዚያ ከሁለቱም በላይ የሆነ ነገር አገኘ።

«ሠላሳ ዓመት ጓዳ አስቀመጡሽ» አለች። «በመጨረሻም ራስሽን በራስሽ እንድትቆርጪ አስተማሩሽ። መቀሱን እንኳ መያዝ አላስፈለጋቸውም።»

«ተዪው ልጄ። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝ ይሆናል። ዝም ያለው ሰው ግን ይነቅዛል። ከዚህ ፎቶ በቀር ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም፣ እማዬ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው።»

አልታየች ፎቶውን አነሣች። ሩቅ ዘመድ የምታይ ይመስል አተኩራ አየችው።

«ያንን ቬሎ» አለች፣ «አቶ ወንድምአገኘሁ ሲያወርዱት በጓዳው መስኮት ነው ያየሁት። መስኮቷ ትንሽ ናት፤ ጨርቁ ሲያልፍ ብቻ ነው የሚታየኝ። ውጭ መቀሱ ሲንኳኳ እኔም ጓዳ ሆኜ መቀሴን አንኳኳሁ። ለራሴ። ከዚያ በኋላ ትቼዋለሁ።»

ሩቲ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ተነሥታ የእናቷን እጅ ያዘች። የቀኝ እጇ አመልካች ጣት በመርፌ ብዛት ጫፉ ደድሯል፤ በልጅነቷ እሱን ይዛ ነበር የምትተኛው።

«ቀሚስሽን ልበሺ» አለቻት። «በፊት ለፊት በር ነው የምንገባው።»

*

ቄንጥ ተራ የቅዳሜ ልብሱን ለብሶ ነበር። አዲሱ የመንገዱ ድንጋይ ታጥቧል፣ የየሱቁ መስታወት ይብለጨለጫል። ከሙሽራ ቤቱ ደጃፍ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቧል። አቶ ወንድምአገኘሁ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው፣ ቬሎውን በሁለት ክንዳቸው ታቅፈው መካከል ላይ ቆመዋል። ማቲዎስ በሩን ተደግፎ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቁልቁል ወደ መንገዱ ያያል። ሩቲ ከእናቷ ጋር ስትመጣ ሲያይ ፊቱ በራ፤ ከዚያ ዓይኗን አየና መልሶ ጠፋ።

«እማዬ ነግራኛለች» አለችው አጠገቡ ስትደርስ።

ማቲዎስ ትንፋሹን ለቀቀ። ነጻ የወጣ መስሎት ነበር።

«ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ» አለች ሩቲ። «እሷ ቁረጠኝ ብትልህ፣ አንተ መቀስ ታነሣለህ?»

«አነሣሁ» አለ ማቲዎስ።

ሩቲ ወደ አባቱ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ልብስ የሰፋው ማን ነው?»

«ልጄ፣ ሰው ፊት እኮ ነን» አሉ አቶ ወንድምአገኘሁ ፈገግ ብለው።

«ሰው ፊት ስለሆንን ነው የምጠይቅዎ።»

ፈገግታቸው ቀዘቀዘ። «ቤቱ ሰፋው። የሙሽራ ቤታችን ሥራ ነው።»

«ቤት እጅ የለውም፣ ጋሼ።»

ከሰዉ መካከል አንዱን ሳል ያዘው። አቶ ወንድምአገኘሁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለእናትሽ ክብር ብዬ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ዘመዴ ናቸው እንጂ ሰፊ አይደሉም። ይህን መንገድ ቀና አድርጌ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ሥርዓቱን እኔ አውቃለሁ።»

«ሥርዓቱንማ መጽሔቱ ሽፋን ላይ አነበብኩት። የሰፋ እጅ ያወርዳል ይላል። ዘመድ ለመሆን ሰፊነቷን መጣል ካለባት፣ ጋሼ፣ ዘመድነቱ ይቅርብን። እናቴ በፊት ለፊት በር የማትወጣበት ቤት ሙሽራ ሆኜ አልገባም።»

አልታየች የልጇን ክንድ ጎተተች፤ ሩቲ አልነቃነቅ አለች። ዓይኗ ማቲዎስ ላይ ነው። አሁን የምትጠብቀው ደብዳቤ አይደለም፤ ደብዳቤ መጻፍ እንደሚችል አይታለች።

ማቲዎስ ከበሩ ተነሥቶ መጣ። እጁን ከኪሱ አውጥቶ ቬሎውን ከሥር ያዘ።

«አባዬ፣ ይስጡኝ።»

«ዞር በል።»

«አባዬ።»

አንዳቸውም አለቀቁም። ስሱ ጨርቅ በአባትና በልጅ መካከል ተወጠረ። አርባ ዓመት ጨርቅ የሸጠ ሰው ደግሞ ያ ዓይነት ጨርቅ ጉተታ እንደማይችል ያውቃል። አቶ ወንድምአገኘሁ ለቀቁ። ለልጃቸው ብለው አይደለም፣ ለአልታየችም ብለው አይደለም፤ ጨርቁ እንዳይቀደድ ነው።

ማቲዎስ ቬሎውን ይዞ ወደ ሰዉ ዞረ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። «ይህንን የሰፉት ወይዘሮ አልታየች ናቸው» አለ። «ገጽ ዘጠኝ ላይ ያለውንም የሰፉት እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ከዚህ ቤት የወረደው ሁሉ የእሳቸው ነው። ሌላ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ።»

ቬሎውን በአልታየች ክንድ ላይ አስተኛው።

አልታየች ቆመች። ሩቲ እናቷ የምትመልሰው መሰላት። አልታየች ግን አንገቷን ዝቅ አድርጋ የትከሻውን ስፌት አየች፤ አንዲት የተረፈች ክር አገኘችና በጥርሷ በጠሰቻት። ከዚያ መውረድ ጀመረች።

መቀስ አልተንኳኳም። ልብስ ሰፊዎቹ በየበራቸው ቆመው፣ አንድ ዓይናቸው አልታየች ላይ፣ አንድ ዓይናቸው የአቶ ወንድምአገኘሁ ፊት ላይ ነው። አንዱ ወደ ውስጥ ገባ። ሌላው ስልኩን አውጥቶ ያላያት መሰለ። ሩቲ ከኋላዋ እየሄደች እያንዳንዱን በር በዓይኗ መዘገበችው። በአዲሱ ድንጋይ ላይ የሚሰማው የአልታየች ጫማ ብቻ ነበር።

ከበረንዳቸው ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ሐጂ ጣሀ ከስፌት መኪናቸው ላይ ቀና አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩ። ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡና ትልቁን መቀሳቸውን ከጠረጴዛው አነሡ።

«አልታየች» አሏት።

«አቤት፣ ሐጂ።»

«ዘገየሽ እኮ።»

«ዘገየሁ፣ ሐጂ።»

ሐጂ ጣሀ መቀሱን አንኳኩ። እርስዎስ ሠላሳ ዓመት የት ነበሩ የሚል ቃል ሩቲ ምላስ ላይ መጣ፤ ዋጠችው። ከማዶ ካለ ሱቅ ጓዳ አንዲት ሴት ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች እየሮጠች ወጣች፤ እሷም መቀሷን አነሣች። ከዚያ ሌላ አንድ። ሁሉም አላንኳኳም። መንገዱ በአንድ ጠዋት አይለወጥም። የተንኳኳው ግን እስከ ታች ይሰማ ነበር።

መካከል ላይ ሲደርሱ አልታየች ሳትዞር ተጣራች። «ማቲዎስ፣ ጫፉ መሬት ሊነካ ነው። ና ያዝልኝ።»

የሙሽራ ቤቱ ባለቤት ልጅ ሮጠ። ጎንበስ ብሎ የቬሎውን ዘርፍ በሁለት እጁ ሰብስቦ ያዘና ከሰፊዋ ኋላ ኋላ መሄድ ጀመረ። አልታየች ወደ ኋላ ገልመጥ ብላ አየችው፤ እንደዚያ ጎብጦ፣ ላቡ ባፍንጫው እየወረደ፣ ጨርቁን እንደ ጨቅላ ሕፃን ይዞት። ሳቀች። ሩቲ ያንን ሳቅ አወቀችው። ጥርሱም፣ አንገቱን ዘንበል ማድረጉም ያው ነው፤ ከመዝሙረ ዳዊት ወጥቶ መንገድ ላይ ቆሟል።

ሩቲ ከማቲዎስ ጎን ደረሰች። ሊያያት ቀና አለ፣ ጨርቁ እንዳይወድቅ መልሶ ጎነበሰ። ሁለት እጁም ተይዟል። ሩቲ እጇን ወደ ኪሱ ሰደደችና ቀለበቷን አወጣች።

ጣቷ ላይ አላደረገችውም። ገና የሚታረም ገጽ ዘጠኝ አለ፣ ገና የነገው እሁድ አለ፤ ንዴቷም ገና ትኩስ ነው። ግን ደግሞ አልመለሰችለትም። በእፍኟ ጨብጣው አጠገቡ ወረደች። ቀለበቱ በእሱ ኪስ ሙቀት ሞቆ ነበር፤ ሙቀቱ ከመዳፏ ተነሥቶ ባዶ ወደነበረው ደረቷ ሲገባ እየተሰማት፣ ከእናቷ ኋላ በቄንጥ ተራ ሰው ሁሉ ፊት ሄደች።